«ክንዱ ታድሶ ተመለሰ» ለሚለው ጽሑፍ መልስ፣ ከአንድ የልጅ አባት

ሰሞኑን በየቴሌግራሙ ሲዞር የሰነበተው ጽሑፍ ለኔም ደረሰኝ፣ ያውም ከሦስት ሰው፣ ሦስቱም «አንተ ቤዝቦል ታያለህ አይደል፣ እስኪ እይልን» ብለው ነው የላኩልኝ። አየሁት። መጀመሪያ ላይ ደስ አለኝ፣ ምክንያቱም በአማርኛ ስለ ቤዝቦል ሚጽፍ ሰው ማግኘት ራሱ ብርቅ ነው፣ እኛ ጋ ወሬው ሁሉ አርሰናልና ማንቼ ነው። ወደ መጨረሻው ስደርስ ግን ደሜ ፈላ፣ ይሄው ከሥራ ገብቼ እራቴንም ሳልበላ ቁጭ ብዬ እየጻፍኩ ነው።

ላላነበባችሁት ባጭሩ እንዲህ ነው ሚለው። ጄኮብ ዲግሮም የሚባለው ፒቸር (ፒቸር ማለት ያ ጉብታው ላይ ቆሞ ኳሷን የሚወረውረው ሰውዬ ነው) ገና ጀማሪ ሆኖ ማይነር ሊግ (ወደ ዋናው ሊግ ለመድረስ ሚሰለጠንበት ታችኛው ሊግ) ውስጥ እያለ ክርኑ ላይ ያለው ጅማት ተበጠሰ፣ ቶሚ ጆን የሚባለውን ሰርጀሪ ተሰራ፣ ክንዱ ታድሶ ከበፊቱ ጠንክሮ ተመለሰና የዓለም ምርጥ ሆነ። ከዚህ ተነስቶ ጸሐፊው ይደመድማል፦ ሰርጀሪው ክንድ ያጠነክራል፤ ወጣት ከሆንክ በዓመት ትመለሳለህ፤ ያልተመለሰ ወኔ ያነሰው ነው፤ ክለብ ሁሉን ወጪ ስለሚችል ሪሃብ (ከሰርጀሪ በኋላ ያለው ማገገሚያ) ማለት ደሞዝ እየበሉ ማረፍ ነው፤ ስለዚህ ልጆቻችንን ከ8 ዓመታቸው ጀምረን በጋ ክረምት ሳንል እናስወርውራቸው፣ ቢጎዱም ይጠገናሉ።

ወንድሜ፣ ታሪኩን መምረጥህ ጥሩ ነው፣ እውነትም ነው። ዲግሮም በ2010 ክለቦች አዳዲስ ልጆችን በየተራ ሲመርጡ በሜትስ (የኒውዮርክ ክለብ ነው) የተመረጠው በ9ኛው ዙር 272ኛ ሆኖ ነው፣ 95 ሺ ዶላር ተሰጥቶት ፈረመ፣ ቴነሲ ውስጥ ኪንግስፖርት በሚባል ከተማ ለጀማሪዎች ቡድን 6 ጨዋታ ወረወረና ክርኑ ሄደ፣ በዛው ዓመት ኦክቶበር ላይ ተሰራ፣ 2011ን አንዲት ጨዋታ ሳይጫወት አሳለፈ። ሜጀር ሊግ፣ ማለትም ዋናው ሊግ፣ የገባው ሜይ 15 2014 ነው፣ ያኔ 26 ሊሞላው አንድ ወር ነበር የቀረው። በዛው ዓመት ምርጥ ጀማሪ ተባለ፣ 2018 እና 2019 ላይ ደሞ ሳይ ያንግ ወሰደ፣ ምርጥ ፒቸር ለተባለ ሚሰጠው ሽልማት ማለት ነው። እስከዚህ ጸብ የለንም።

ጸቡ «ታደሰ» ከምትለዋ ቃል ይጀምራል። አንተ ያረጀ የመኪና ዕቃ አውጥቶ አዲስ እንደመግጠም አርገህ ነው የጻፍከው። እኔ ደሞ ዲሲ ውስጥ 9 ዓመት ታክሲ የነዳሁ ሰው ነኝና በመኪና ምሳሌ አትምጣብኝ። እዛ ክርን ውስጥ ሚገባው አዲስ ዕቃ አይደለም፣ ከራሱ ከልጁ ገላ ሌላ ቦታ ላይ ተፈቶ ሚመጣ ነው፣ ብዙ ጊዜ ከእጅ አንጓ። አማርኛችን ሁሉንም ጅማት ብሎ ስለሚጠራው ይምታታል እንጂ ሁለቱ አንድ አይደሉም፤ ክርኑ ላይ የተበጠሰው አጥንትን ከአጥንት አጣብቆ ሚይዘው ነው፣ ከአንጓ ሚወሰደው ግን ጡንቻን ከአጥንት ሚያገናኘው ነው። (እስኪ አውራ ጣታችሁን ከትንሿ ጣት ጋር አጋጥሙና አንጓችሁን ወደ ውስጥ አጠፍ አርጉት። መሀል ላይ ብድግ ሚል ክር መሳይ ነገር ካያችሁ እሱ ነው። ጭራሽ የሌለውም ሰው አለ፣ ለሱ ከጭኑ ይወሰድለታል።) ሐኪሙ አጥንቱን ይበሳና ያንን ክር አሾልኮ ያስረዋል፣ ከዛ ሰውነት ያንን የተዋሰውን ክር በወራት ቀስ እያለ ወደ ክርን ጅማት ይቀይረዋል። ይሄ ማደስ አይደለም ወንድሜ፣ ይሄ መጣፍ ነው፣ ሲሳካ ግሩም የሆነ መጣፍ።

ስሙ የወጣለትን ሰውዬ ራሱን ውሰደው። ቶሚ ጆን የዶጀርስ ፒቸር ነበር፣ በ1974 ጁላይ ላይ ክርኑ ተበጠሰ፣ ዶክተር ፍራንክ ጆብ ሴፕቴምበር 25 ቀን ከቀኝ እጁ ወስደው ግራ ክርኑ ላይ አሰሩለት፣ የመመለስ ዕድልህ ከመቶ አንድ ነው ብለውት ነበር። 1975ን ሙሉ ተቀመጠ፣ በ1976 ተመለሰ፣ ከዛም በ46 ዓመቱ እስኪያቆም ድረስ በስሙ ካሉት 288 ድሎች 164ቱን ከሰርጀሪው በኋላ አገኘ። አንተ ይሄንን ባትጠቅሰውም እኔ ልጥቀስልህ፣ ላንተ ሚያግዝ ይመስላልና። ግን ቶሚ ጆን በፍጥነት ሚታወቅ ፒቸር አልነበረም፣ ዝቅ እያለች ምትወርድ ኳስ እየወረወረ መሬት ለመሬት ሚያስመታ ብልጥ ሰውዬ ነው፣ ሰርጀሪው ያመጣለት ነገር ቢኖር ወደነበረበት መመለስ ነው።

«ታዲያ ብዙዎቹ ከበፊቱ ፈጥነው ሚመለሱት ለምንድነው?» ትለኝ ይሆናል። አንደኛ፣ ከመበጠሱ በፊት ላለው ዓመት ሁለት ዓመት በተጎዳ ጅማት ነው ሲወረውሩ የቆዩት፣ ስለዚ ምታወዳድረው ከታመመው ክንድ ጋር ነው። ሁለተኛ፣ ልጁ 20 ዓመቱ ነው፣ ባይታመምም እኮ ማደጉ አይቀርም። ሦስተኛ፣ ከዓመት በላይ ሥራው እግር፣ ወገብና ትከሻ ማጠንከር ብቻ ይሆናል፣ ድሮ ጂም እያመለጠ ዶሚኖ ሲጫወት የነበረው ልጅ አሁን ምንም ማምለጫ የለውም። ጥቅሙ የጂሙ ነው፣ ምስጋናውን ግን ቢላዋው ይወስዳል። እና ይሄ ወሬ ቀልድ አይደለም፣ በ2012 የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ባወጡት ጥናት ከተጠየቁት የሃይስኩል ተጫዋቾች ግማሽ ያህሉ ምንም ሳይጎዱ ብቃታቸውን ለመጨመር ሲባል ቢሰሩ ጥሩ ነው ብለው ያስቡ ነበር፣ ከወላጆቹም ከሦስት አንዱ በላይ። ያንተ ጽሑፍ በአማርኛ ሚጨምረው ነገር ቢኖር እነዚህን ወላጆች ነው።

የዲግሮም ፍጥነት ጨምሯል፣ አልክድም። በ2021 ፋስትቦሉ (ፈጣኗ ኳሱ) በአማካይ በሰዓት 99 ማይል ነበር፣ ያውም 30 ካለፈው በኋላ። ግን በዛው ዓመት ከጁላይ በኋላ አልወረወረም፣ በ2022 በትከሻው አጥንት ወራት ተቀመጠ፣ ቴክሳስ ሬንጀርስ በ185 ሚሊዮን ዶላር ለ5 ዓመት ካስፈረመው በኋላ ስድስት ጨዋታ ወረወረና በጁን 2023 ያው ክርን ለሁለተኛ ጊዜ ተሰራ። ሬንጀርስ የዛን ዓመት ዋንጫውን ሲበላ እሱ ተመልካች ነበር። ከዛ እንደገና ተመለሰ፣ በ2025 በ37 ዓመቱ 30 ጨዋታ ጀመረ፣ ከ3 በታች በሆነ ኢአርኤ (ፒቸሩ በአንድ ሙሉ ጨዋታ በአማካይ ሚያስቆጥርበት ነጥብ፣ ሲያንስ ነው ሚሻለው) ጨረሰ፣ ሰውዬው ጉድ ነው። ይሄን ሁለተኛውን ግማሽ ግን ለምን ዘለልከው? ክንዱ ታድሶ ከነበረ ሁለተኛ ጊዜ ምኑ ተበጠሰ?

ሁለተኛው ነጥብህ፣ በዓመት ይመለሳል ምትለው። እሺ፣ ሚመለስ አለ። ዲሲ ያላችሁ ስቴፈን ስትራስበርግን ታስታውሳላችሁ፣ እኔ የዛን ቀን ማታ፣ ጁን 8 2010፣ ናሽናልስ ፓርክ (የዲሲው ክለብ ስታዲየም) አካባቢ ታክሲ ይዤ ቆሜ ነበር፣ ሰዉ ሲወጣ አፉን መዝጋት አልቻለም፣ ልጁ በመጀመሪያ ጨዋታው 14 ሰው ነው በስትራይክአውት (መቺው ሦስቴ ሳይሳካለት ሲወጣ ማለት ነው) ያሰናበተው። እኔ ቤዝቦል ማየት የጀመርኩት በዛን ቀን ተሳፋሪዎች ምክንያት ነው። በሴፕቴምበር 3 ክርኑ ተሰራ። በዓመቱ በሴፕቴምበር 6 2011 ተመለሰ፣ ልክ አንተ እንዳልከው። ከዛስ? በ2012 ቡድኑ በታሪኩ ያላየውን ዓመት እያሳለፈ እያለ 159 ኢኒንግ (አንድ ጨዋታ ዘጠኝ ኢኒንግ ነው) ላይ ለክርኑ ሲሉ በቃህ ብለው አስቀመጡት፣ ፕሌይኦፍ፣ ለዋንጫ ሚደረገውን ግጥሚያ፣ ሳይጫወት ቀረ፣ ከተማው ለወራት ተከራከረ። በ2019 የወርልድ ሲሪስ (የዋንጫው ፍጻሜ) ምርጥ ተጫዋች ሆነ፣ 245 ሚሊዮን ፈረመ፣ ከዛ በኋላ ባሉት ዓመታት በጠቅላላ 8 ጨዋታ ብቻ ወርውሮ አቆመ፣ በሌላ ጉዳት። መመለስ አንድ ቀን አይደለም ማለቴ ነው፣ አዳራሽ ተከራይተህ ኬክ ምትቆርስበት ነገር አይደለም።

ደሞ ስትራስበርግ ፈጣኑ ነው። በ2014 በወጣ አንድ ጥናት ከተሰሩት የሜጀር ሊግ ፒቸሮች 83 ከመቶው ወደ ሜጀር ሊግ ተመልሰዋል፣ በአማካይ የፈጀባቸው ግን 20 ወር ተኩል ነው፣ እነዚህ ደሞ የዓለም ምርጥ ሐኪምና ወጌሻ ያላቸው ናቸው። ለጀማሪ ልጅ እንዲህ ነው ሚሄደው፦ መጀመሪያ ክርኑ በብረት ይታሰራል፣ ሹካ መያዝ ይማራል፣ አራትና አምስት ወር ኳስ አይነካም፣ ከዛ በ45 ጫማ ርቀት ላይ ልክ ከአጎቱ ልጅ ጋር እንደሚጫወት ሕፃን ቀስ አርጎ 25 ይወረውራል፣ ነገ ያርፋል፣ ከነገ ወዲያ ይደግማል፣ ከዛ 60 ጫማ፣ 90፣ 120፣ አንድ ቀን ሲያመው ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ጉብታው ላይ ሚወጣው ወደ ዘጠነኛው ወር ነው፣ እሱም ፋስትቦል ብቻ።

ሃንተር ግሪንን ደሞ እንይ፣ እውነተኛ የማይነር ሊግ ታሪክ ከፈለግክ። በ2017 ሲንሲናቲ ሬድስ ከመላው አገር ሁለተኛ አርጎ የመረጠው፣ ገና በ17 ዓመቱ ከ100 ማይል በላይ ሚወረውር ልጅ። በጁላይ 2018 ዴይተን (የሬድስ ማይነር ሊግ ቡድን) እያለ ክርኑን አመመው፣ ሳይሰራ ለማዳን ተሞከረ፣ አልሆነም፣ በኤፕሪል 2019 ተሰራ። ሊመለስ ሲል ኮቪድ መጣና የ2020 ማይነር ሊግ ጭራሽ ተሰረዘ። መደበኛ ጨዋታ ላይ እንደገና የወረወረው በሜይ 2021 ነው፣ ከተጎዳ ሦስት ዓመት ሊሞላው ትንሽ ሲቀረው! ሜጀር ሊግ የገባው በኤፕሪል 2022፣ በሁለተኛ ጨዋታው 39 ኳስ ከ100 ማይል በላይ ወረወረ። እሱ ራሱ በዓመት አልተመለሰም።

አሁን ወደ ወኔ ልምጣ፣ እውነቱን ለመናገር ደሜን ያፈላው ይሄ ነው። «ያልተመለሰው ወኔ ያጣ ነው» ብለህ ስትጽፍ ማንን እያሰብክ ነው? ብሬዲ ኤይከን በ2014 ከመላው አሜሪካ አንደኛ ተብሎ በሂዩስተን የተመረጠ የ17 ዓመት ልጅ ነበር፣ ሐኪሞቹ ክርኑ ላይ ያላማራቸው ነገር አይተው ክለቡ ገንዘቡን ቀነሰበት፣ አልፈርምም አለ፣ በማርች 2015 ያው ክርን ተበጠሰና ተሰራ። ክሊቭላንድ በዛው ዓመት 17ኛ አርጎ መረጠው። ዓመታት ሞከረ፣ ፍጥነቱ አልተመለሰም፣ ሜጀር ሊግን ሳያይ ቀረ። ከመላው አገር አንደኛ ለመባል ወኔ የነበረው ልጅ ክርኑ ሲበጠስ ወኔው በቀዳዳው ፈሰሰ ልትለኝ ነው? ጅማት ፉከራ አይሰማም። እኛ ሩጫ ያሳደገን ሕዝብ ነን፣ ስንት ሯጭ ባቱን ወይ ተረከዙን ይዞ ከቡድን እንደጠፋ፣ ስሙንም ማንም እንዳላነሳው እናውቃለን፣ ሰነፍ ስለነበር ነው ብለን ግን አናውቅም፣ «ተጎዳ እኮ» ነው ምንለው። ለፒቸር ሲሆን ምን ተገኘ?

ዲግሮምንስ ማን መለሰው ካልክ፣ እኔ በጣም ምወደው ክፍል ያለው እዚህ ላይ ነው፣ አንተ በግማሽ መስመር ያለፍከው። ፖርት ሴንት ሉሲ፣ ፍሎሪዳ፣ የሜትስ ማሰልጠኛ። እዛ ነው የተጎዱት ሁሉ ሚሰበሰቡት፣ ጠዋት ተነስተው በዛ ሙቀት ማንም በማያይበት ሜዳ ጎማ ሲጎትቱ ሚውሉት። በዛን ሰዓት ዮሃን ሳንታና ትከሻውን ተሰርቶ እዛው ነበር፣ ሁለት ሳይ ያንግ ያለው፣ 137 ሚሊዮን ተኩል ዶላር የፈረመ፣ ቼንጅአፕ በሚባለው ኳስ ዓለምን ያስደነቀ ሰውዬ (ቼንጅአፕ ማለት ክንድህ ልክ ለፈጣን ኳስ እንደሚሄደው ሄዶ ኳሷ ግን ዘግይታ ምትደርስበት፣ መቺውን ምትሸውድ)። ሁለቱም ጤነኛ ቢሆኑ ኖሮ አይገናኙም፣ አንዱ ኒውዮርክ በቲቪ፣ አንዱ በአውቶቡስ ከትንሽ ከተማ ትንሽ ከተማ ነው ሚሆኑት። ስለተጎዱ ብቻ ተገናኙ፣ ሳንታና ለዚህ 9ኛ ዙር ለተመረጠ ልጅ ቼንጅአፕ እንዴት እንደሚያዝ አሳየው። ዲግሮም ክንዱ ስለታደሰ አይደለም ምርጥ የሆነው፣ በዛ ሙት ዓመት ሥራ ስለተማረ ነው። በነገራችን ላይ ሳንታና ራሱ ተመልሶ በጁን 2012 የሜትስን በታሪክ የመጀመሪያ ኖ ሂተር (ተቃራኒው ቡድን አንዴም መትቶ ቤዝ ማይዝበት ጨዋታ) ወረወረ፣ በቀጣዩ ዓመት ያው ትከሻ እንደገና ተቀደደ፣ ሜጀር ሊግ ላይ ድጋሚ አልታየም። አስተማሪው ቀረ፣ ተማሪው ሄደ። የወኔ ልዩነት ነው በለኝ እስኪ።

ደሞዝ እየበሉ ማረፍ ምናምን ያልከውን ባጭሩ ልለፈው፣ ብዙ መናገር አያስፈልገውም። ዲግሮም በሪሃብ ላይ በነበረበት ዘመን ማይነር ሊግ ታች ያለ ልጅ ደሞዝ ሚከፈለው በጨዋታ ወራት ብቻ ነበር፣ በዓመት 10 ሺ ዶላር ማይሞላ። ተጫዋቾቹ በ2014 ከሰሱ፣ በ2022 ሊጉ ለመክፈል ተስማማ። ስንት መሰለህ? 185 ሚሊዮን ዶላር። ቁጥሯ ታውቀኛለህ ትላለች አይደል፣ በዛው ዓመት መጨረሻ ዲግሮም ለብቻው የፈረመው ብር ነው፣ እነዚያ ከ20 ሺ በላይ ሆነው ተካፈሉት። ክለብ ቤት እንዲሰጥ የተገደደው ከ2022 ጀምሮ ነው፣ በ2023 ደሞ በዩኒየን ስምምነት ዝቅተኛው ደሞዝ ለጀማሪው 19,800፣ ትሪፕል ኤ (ከሜጀር ሊግ አንድ ደረጃ ዝቅ ያለው) ላይ 35,800 ሆነ። ይሄ ተሻሽሎ ነው እንግዲህ። ሰርጀሪውን ክለብ ይከፍላል፣ ልክ ነህ። ጊዜውን ግን ለሁሉም እኩል አይከፍልም። ለሃንተር ግሪን 7.23 ሚሊዮን ከፍለውት ስለነበር ሦስት ዓመትም ይጠብቁታል፣ ጥቂት ሺ ዶላር ተሰጥቶት የፈረመው ልጅ ግን ሪሃብ መሀል ስልክ ይደወልለትና «እናመሰግናለን» ይባላል። ዲግሮም በ95 ሺ ተጠበቀ፣ እሱ ዕድለኛ ነው፣ ሜትስም ዕድለኛ ናቸው።

የመጨረሻው፣ ልጆቹ። እዚህ ላይ ራስህን በራስህ ነው ያፈረስከው፣ አላስተዋልከውም እንጂ። ዲግሮም እኮ በልጅነቱ ፒቸር ብቻ ሆኖ አላደገም! ስቴትሰን ዩኒቨርሲቲ የገባው ሾርትስቶፕ (ሁለተኛና ሦስተኛ ቤዝ መሀል ሚቆም ተከላካይ) ሆኖ ነው፣ እዛ ጉብታው ላይ የወጣው በመጨረሻው ዓመቱ ነው። ከሁሉም ያነሰ ወርውሮ የመጣን ሰው ምሳሌ አርገህ «ከ8 ዓመታቸው እናስጀምር» ትላለህ። ከ2007 እስከ 2011 አሜሪካ ውስጥ በተጠና የሰርጀሪ መዝገብ ከተሰሩት ከግማሽ በላይ፣ 57 ከመቶው፣ ከ15 እስከ 19 ዓመት ያሉ ልጆች ናቸው። ሊጉ ራሱ በዲሴምበር 2024 ባወጣው ሪፖርት ሜጀርና ማይነር ላይ ይሄ ሰርጀሪ በ2010 104 ነበር፣ በ2024 281 ደርሷል፣ የፋስትቦል አማካይ ፍጥነት ደሞ ከ2008 እስከ 2024 ከ91.3 ወደ 94.2 ማይል ወጥቷል፣ በሪፖርቱ ላይ ባለሙያዎቹ ደጋግመው ጣታቸውን የቀሰሩት ፍጥነት ማሳደዱ ላይ ነው።

እኔ ይሄንን ከወረቀት ብቻ አይደለም ማውቀው። ልጄ 11 ዓመቱ እያለ ቅዳሜ ለአንድ ቡድን እሁድ ለሌላ ይወረውር ነበር፣ ሁለቱም አሰልጣኞች ሌላኛው ስንት እንዳስወረወረው አይጠይቁም፣ እኔም ቅዳሜና እሁድ ሥራ ላይ ስለሆንኩ አልቆጠርኩም፣ ፎቶ ሲላክልኝ ግን ለሁሉም ሾው አረግ ነበር። እናቱ ናት ያየችው፣ ጥርሱን በግራ እጁ ሲቦርሽ። «ምነው?» ስትለው «እንዲሁ» አላት። ሲታይ ክርኑ ላይ ያለው የአጥንት ማደጊያ ተቆጥቷል ተባለ፣ ሰርጀሪ አላስፈለገውም እግዚአብሔር ይመስገን፣ ግን ለወራት ኳስ እንዳይነካ ተከለከለ። ሐኪሙ ነው ፒች ስማርት የሚባለውን የሊጉን መመሪያ ያሳየኝ፣ ለ11 እና ለ12 ዓመት ልጅ በቀን ከ85 ኳስ አይበልጥም፣ 66 ከደረሰ አራት ቀን ያርፋል፣ በዓመት ውስጥ ቢያንስ አራት ወር ጭራሽ አይወረውርም። አንተ ደሞ «በጋ ክረምት ሳንል»።

ያ ጽሑፍ እኛ ቤተክርስቲያን ወላጆች ግሩፕ ላይ ሁሉ ደርሷል፣ ልብ የሚለውን እየተጫኑ ነው። የዲግሮምን ታሪክ አትሰርዘው፣ ያምራል። ግን ከቻልክ ወንድሜ ሁለተኛውን ሰርጀሪ ጨምርበት፣ ያቺን 85 ምትለዋን ቁጥር ደሞ ከላይ በጉልህ ጻፍልን። እኔ ቅዳሜ ጠዋት ፈረቃ ቀይሬያለሁ፣ ልጁ ሰከንድ ቤዝ ነው ሚቆመው፣ አሰልጣኙ «ለሁለት ኢኒንግ ብቻ ፒቸር አርጌ ልሞክረው» ብሎ ጠይቆኛል፣ የኳስ መቁጠሪያ ገዝቻለሁ።